ጦርነት ባለፈበት ከተማ የሚያስተማምን ማስረጃ አሰባሰብ፤ ደሴንና ኮምቦልቻን መነሻ በማድረግ

ጥቅምት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት፣ የሕወሓት ቃል አቀባይ ኃይሎቻቸው ደሴን እንደተቆጣጠሩ ተናገሩ፤ በዚያው ዕለት የፌዴራል መንግሥት ከተማዋ በእጁ እንዳለች በመግለጽ አስተባበለ። በማግስቱ ስለ ኮምቦልቻም ተመሳሳይ ነገር ተባለ። ማስረጃ ለሚሰበስብ ሰው ከሁለቱ መግለጫዎች አንዱን መርጦ መነሣት አይጠቅምም። እንደ ደሴ በጦሳና በአዝዋ ተራሮች መካከል ተዘርግቶ የተሠራ ከተማ በአንድ ቅጽበት አይያዝምና፣ በአንዱ ሰፈር ታጣቂ ሲታይ በሌላው ሰፈር ሱቅ ክፍት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ደሴ መቼ ተያዘች?» የሚለው ጥያቄ ለፖለቲከኛ እንጂ ለምስክር የሚቀርብ አይደለም። ምስክር ሊመልሰው የሚችለው «ከደጃፍዎ ላይ ታጣቂ መጀመሪያ ያዩት መቼ ነው?» የሚለውን ነው። አምሳ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ ከአምሳ ደጃፍ ቢመልስ፣ ማንም መግለጫ ሊሰጠን ያልቻለው የሰዓትና የቦታ ዝርዝር ይገኛል።

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢያቸው የደረሰውን ለመሰነድ ለሚነሡ መምህራን፣ ጠበቆች፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ጋዜጠኞችና የዕድር ጸሐፊዎች ነው። የአካባቢው ተወላጅ ከሩቅ የሚመጣ መርማሪ የሌለው ዕውቀት አለው፤ በዚያው ልክ የራሱን ወገን ጥፋት ላለማየት የሚገፋው ስሜትም አለበት። ማስረጃ የሚመዘነው ደግሞ በተቃራኒው ወገን ጠበቃ መስቀለኛ ጥያቄ ፊት መቆም በመቻሉ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ መለኪያ የመነጨ ነው።

የምስክር ቃል አቀባበል

አንድ ምስክር በሚናገረው ውስጥ ሦስት ነገሮች ተቀላቅለው ይገኛሉ፤ በራሱ ዓይንና ጆሮ ያረጋገጠው፣ ሌላ ሰው የነገረው፣ ከሁለቱ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ። ምስክሩ ስለዋሸ ሳይሆን ጊዜ ሲያልፍ ሦስቱ አንድ ትዝታ ስለሚሆኑበት ነው። መለየቱ የጠያቂው ሥራ ነው። ለማሳያ ያህል፣ አንዲት እናት «አርባ ሰው ጨረሱ» ቢሉ፣ ጭውውቱ እንዲህ ሊቀጥል ይችላል።

«እማማ፣ አርባ መሆናቸውን እንዴት አወቁ?»

«መስጊድ የሄዱት ናቸው ያሉት፣ ልጄ።»

«ከሄዱት መካከል ለእርስዎ የነገረዎት ማን ነው?»

«የጎረቤታችን ልጅ። እሱ ሲቀበሩ ነበረ።»

«እርስዎ በዓይንዎ ያዩት አለ?»

«ሦስት አይቻለሁ። ከበራችን ፊት ለፊት፣ ቱቦው አጠገብ ወድቀው። አንዱን አውቀዋለሁ።»

«ሲመቱ ነው ያዩአቸው ወይስ ከወደቁ በኋላ?»

«ተኩሱን ሰማሁ እንጂ አላየሁም። በሩን የከፈትሁት ሲበርድ ነው።»

ከዚህ ጭውውት በኋላ የሚጻፈው ማስታወሻ ግልጽ ነው። እኚህ እናት ተኩስ ሰምተዋል፣ የሦስት ሰዎች አስከሬን በተወሰነ ቦታ አይተዋል፣ አንዱን ለይተዋል፤ ተኳሹን ግን አላዩም። «አርባ» የሚለው ቁጥር የእርሳቸው ምስክርነት አይደለም፤ በቀብሩ ላይ ወደነበረው ወጣት የሚመራ ፍንጭ ነው። ብዙ ሰብሳቢ አርባውን ጽፎ ሦስቱን ይተዋል። በኋላ አርባው ሠላሳ አንድ ሆኖ ቢገኝ፣ እውነተኛ የነበረው የሦስቱ ምስክርነት አብሮ ውድቅ ይደረጋል፤ ሐሰተኛ መረጃ የሚያሰራጨው ወገንም የሚጠብቀው ይህንኑ ነው።

ምስክሮችን አንድ ላይ ሰብስቦ መጠየቅ አይገባም። ለቅሶ ቤት ወይም ቡና ላይ የተሰበሰበ ሰው አንዱ የሌላውን ታሪክ ያሟላል፤ በማግስቱም ሁሉም ያንኑ ይናገራል። መልሱን የያዘ ጥያቄም አይጠየቅም፤ «የገደሉት እነ እገሌ ናቸው አይደል?» ከማለት «ማን መሆናቸውን በምን አወቁ?» ማለት ይሻላል። የዚህ ጥያቄ መልስ ብዙ ጊዜ የደንብ ልብስ ወይም ቋንቋ ነው። የደንብ ልብስ ይቀያየራል፣ ይማረካልም፤ ቋንቋም የተናጋሪውን አፍ መፍቻ እንጂ የተሰለፈበትን ጦር አያረጋግጥም፤ በተለይ ከሦስት ቋንቋ በላይ በሚሰማበት በወሎ ምድር። ምስክሩ ያየውን ምልክት፣ የሰማውን ቃል፣ የመኪናውን ዓይነት እንዳለ መዝግቦ ድምዳሜውን ለኋላ መተው ያስፈልጋል። ምስክሩ የቆመበትን ቦታ፣ ርቀቱን፣ ብርሃኑን፣ በመካከል የነበረውን አጥር ወይም ግንብ የሚያሳይ ንድፍ በራሱ እጅ እንዲሥል ቢደረግ፣ ከብዙ ገጽ ጽሑፍ የበለጠ ይረዳል።

እርዳታ እንደሚያስገኝ ፍንጭ መስጠት ፈጽሞ አይገባም። መዝጋቢ ሲመጣ የስንዴና የዘይት ምዝገባ ነው ብሎ ማሰብ የተፈናቃይ ጥፋት አይደለም፤ ገና ከበሩ ላይ «የመጣነው ለእርዳታ አይደለም» ብሎ መናገር የጠያቂው ግዴታ ነው።

ቀኑና ሰዓቱ

በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ማስረጃን የሚያበላሸው የቀን ስሕተት ይመስለኛል። ምስክሩ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል፣ ስልኩ በጎርጎርዮሳዊው ይመዘግባል፣ ሪፖርት ጸሐፊው ደግሞ በቸኮለ ስሌት ይለውጠዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ ምንጊዜም ምስክሩ በተናገረው አቆጣጠር ይጻፍ፤ የተለወጠው ቀን ከጎኑ በሌላ ዓምድ ይግባ። የሰዓቱም ጉዳይ እንዲሁ ነው። ሌሊት 8 ሰዓት በስልኩ ላይ 02፡00 ሆኖ ይታያል፤ በፌስቡክ ላይ ያለውን ልጥፍ ዋሽንግተን ሆኖ የሚያይ ሰው ደግሞ እንደ ወቅቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ የተመለሰ ጊዜ ይታየዋል። ከውጭ አገር የተላከ ስክሪንሾት «ከድርጊቱ በፊት ተለጥፏል» የሚል ክርክር ሲያስነሣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ልዩነት ነው።

ከዚህ የበለጠ ረቂቅ የሆነው የሌሊቱ ባለቤት የትኛው ቀን ነው የሚለው ነው። አንዱ «ቅዳሜ ሌሊት» ሲል ለእሑድ አጥቢያ ማለቱ ሊሆን ይችላል። በእስልምና አቆጣጠር ደግሞ ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ «የጁምዓ ሌሊት» የሚሉ አባት የሚናገሩት ሐሙስ ከመሸ በኋላ ስላለው ጊዜ ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለ አንድ ሌሊት ተናግረው በመዝገብ ላይ የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው «ነግቶ የወጣው ቀን ምን ቀን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቀኑ የጠፋበትን ሰው «አስታውሱ» ብሎ ማስጨነቅ ቀን እንዲፈጥር ያደርገዋል። ከዚያ ይልቅ የሚታወቅ ቀን ይቀርብለታል። በ2014 ዓ.ም. መውሊድ የዋለው ጥቅምት 8 ወይም 9 ላይ ነው፤ ጥቅምት 27 የመድኃኔዓለም፣ ኅዳር 12 የሚካኤል፣ ኅዳር 21 የጽዮን በዓል ነው፤ ሰኞ ሰኞ የባቲ ገበያ አለ፤ መንግሥት ደሴና ኮምቦልቻ መለቀቃቸውን ያስታወቀው ኅዳር 27፣ ሰኞ ዕለት ነው። «ከሚካኤል በፊት ነው በኋላ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን አያስገድድም። የሞት ቀን ከሆነ የሚፈለገው፣ የአርባው ቀን መቼ እንደተደረገ ይጠየቃል፤ ዝክሩ ለሰው እንዲመች ሊገፋ ስለሚችል ግን፣ የተደረገበት ቀን ትክክለኛው አርባኛ ቀን መሆን አለመሆኑን ደግሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

የሟቾች ቁጥር

ጥቅምት 22 ቀን 2014 መንግሥት በኮምቦልቻ ከ100 በላይ ወጣቶች እንደተረሸኑ ገለጸ። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲወጣ ወዲያው ማስተጋባትም ወዲያው ማጣጣልም የሰብሳቢ ሥራ አይደለም። ሥራው ቁጥሩን ወደ ሰፈር፣ ሰፈሩን ወደ ቤተሰብ፣ ቤተሰቡን ወደ ስምና መቃብር ማውረድ ነው። ስም ያልተገኘለት ቁጥር በዝርዝሩ ላይ አይደመርም፤ ራሱን በቻለ ዓምድ «የተባለ» ሆኖ ይቀመጣል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በመጋቢት 2014 ስለ አማራና አፋር ክልሎች ባወጣው ሪፖርት የተገደሉትን ሲቪሎች ቢያንስ 750 ብሎ ማስፈሩ የዚሁ አሠራር ውጤት ነው፤ ቁጥሩ የተረጋገጠው ዝቅተኛ መጠን እንጂ የጠቅላላው ጉዳት ግምት አይደለም።

ስሞችን ማመሳከር ከሚገመተው በላይ አድካሚ ነው። አንድ ሟች በቤቱ በአንድ ስም፣ በክርስትናው በሌላ፣ በሰፈሩ በቅጽል ስም ይጠራል፤ በወሎ ደግሞ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ክርስቲያንና ሙስሊም መኖሩ የተለመደ ስለሆነ ከስም ተነሥቶ የዘመድነቱን መሥመር መገመት ያሳስታል። የአጎቱን ልጅ «ወንድሜ» የሚል ሰው ስላለ፣ ከሁለት ቤት የተመዘገበው ሟች አንድ ሰው ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ሥራና የተቀበረበት ቦታ ሁሉም መያዝ አለባቸው፤ አጻጻፉ በ«ኃ»ም ይሁን በ«ሀ» ሲፈለግ እንዲገኝ አንድ ወጥ አጻጻፍ ከጎኑ ይቀመጣል።

እንደ ዕድር መዝገብ ያለ ማስረጃ በዚህ ሥራ ላይ ብዙም ሲጠቀስ አላይም፤ ያስገርመኛል። የዕድሩ ጸሐፊ የሟቹን ስም፣ የሞተበትን ቀንና ለቤተሰቡ የተከፈለውን ብር የጻፈው ለማንም ምስክር ለመሆን ሳይሆን ገንዘብ ስለወጣ ነው፤ በገንዘብ ላይ ደግሞ ሒሳብ ያዥ አለ፣ ፊርማ አለ፣ የሚጠይቅ አባል አለ። ክርክሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ለሌላ ዓላማ የተጻፈ ሰነድ ከሁሉ የበለጠ የሚታመነው በዚህ ምክንያት ነው። መዝገቡን መውሰድ አይገባም፤ ገጹ ከነሽፋኑ፣ ከፊቱና ከኋላው ካሉት ገጾች ጋር ፎቶ ይነሣል፤ ቀደም ብለው የሞቱትም ስለሚታዩበት ዝርዝሩ በኋላ አለመጨመሩ ይረጋገጣል። ጉድለቱ ግን መታወቅ አለበት። በ2013 ክረምት ከራያ፣ ከቆቦና ከወልዲያ በኩል ተፈናቅለው ደሴ የገቡት፣ የቀን ሠራተኞች፣ አዲስ ተከራዮች የዕድር አባል አይደሉም። በዕድር መዝገብ ብቻ የተቆጠረ ሞት እነዚህን ሰዎች ይዘላል፤ እነርሱን በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የቀብር ሥራ ካገለገሉ ሰዎች፣ ከትምህርት ቤት መጠለያዎች መዝገብና ከሆስፒታል ካርድ መፈለግ ያስፈልጋል።

ፎቶና ቪዲዮ

መጀመሪያ የሚፈለገው ዋናው ፋይል ነው። ዋትስአፕና ፌስቡክ የተላከላቸውን ምስል ያመቁታል፣ የተነሣበትን ሰዓትና ቦታ የሚይዘውን ሜታዳታም ያጠፉታል። ቴሌግራም ላይ «እንደ ፋይል» ከተላከ ይተርፋል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ቀረጻውን ያደረገውን ሰው አግኝቶ ከስልኩ በኬብል መገልበጥ ነው። ፋይሉ እጅ እንደገባ የኤስኤችኤ 256 ሃሽ ይሰላል፤ ይህ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ ነው፤ ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። መለያው፣ ፋይሉን የሰጠው ሰው ምሥጢራዊ ቁጥር፣ የተቀበለው ሰው ስም፣ ቀንና ሰዓት በአንድ መሥመር ይመዘገባሉ። ዋናው ቅጂ ከዚያ በኋላ አይከፈትም፤ የሚሠራው በግልባጩ ላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ከፍተኛ ኮሚሽነር ጽሕፈት ቤትና የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሰብአዊ መብቶች ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጡት የበርክሌይ ፕሮቶኮል የዚህን አሠራር ዝርዝር ይዟል።

ቀጥሎ ምስሉ አሮጌ አለመሆኑ ይጣራል። ከቪዲዮው የተለያዩ ፍሬሞች ተቆርጠው ጎግል ሌንስ፣ ያንዴክስና ቲንአይ በተባሉት የምስል መፈለጊያዎች ይፈለጋሉ። ከሌላ አገር ጦርነት የተወሰደ ምስል አማርኛ ጽሑፍ ተለጥፎበት መምጣቱ የተለመደ ነው፤ «አርማ 3» ከተባለ የኮምፒውተር ጨዋታ የተቀረጸ ትዕይንትም በተለያዩ ጦርነቶች እውነተኛ ውጊያ ተብሎ ተሠራጭቷል። ፍለጋው ምንም ካላገኘ ምስሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ ከዚያ በፊት አልተገኘም ማለት ብቻ ነው።

ቦታውን በመለየት ረገድ የአገሬው ሰው ዓይን ዋጋ አለው። በትግራይ ማኅበረ ዴጎ አካባቢ ሰዎች ሲገደሉ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በ2013 ሲሠራጩ፣ የቢቢሲ የምርመራ ዘገባ ክፍል የሆነው አፍሪካ አይ ቦታውን የለየው በቪዲዮው ላይ የሚታየውን የተራራ መሥመር ከሳተላይት የመሬት ገጽታ ጋር በማመሳሰል ነው። ደሴ ለዚህ የምትመች ከተማ ናት፤ በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ስላሉ፣ ከበስተጀርባ የትኛው ተራራ እንደሚታይ ብቻ ካሜራው ወዴት እንደዞረ ይናገራል። ኮምቦልቻ ደግሞ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ በቦርከና ሸለቆ ስለተቀመጠች፣ የተራራው ርቀትና የዛፉ ዓይነት ይለያል፤ ሁለቱን ከተሞች እያቀያየረ የሚጽፍ መግለጫ በዚህ ይጋለጣል። ይሁን እንጂ «ሰፈሬን አውቀዋለሁ» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ የሕንፃው ፎቅ ብዛት፣ የምሰሶው አቀማመጥ፣ የሚናሬቱ ቅርጽ፣ የመንገዱ መታጠፊያ አንድ በአንድ ከጎግል ኧርዝ ምስል ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው ለማያውቀው ሰው መታየት አለባቸው።

ጥላም ይመሰክራል። በደሴ ኬክሮስ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ በቀሩት ወራት ወደ ሰሜን ይወድቃል። በኅዳር መጨረሻ በቀትር የአንድ ሰው ጥላ የቁመቱን ሁለት ሦስተኛ ያህላል። «ኅዳር ላይ በቀን 6 ሰዓት የተቀረጸ» የተባለ ቪዲዮ የምሰሶውን ጥላ ወደ ደቡብ ካሳየ፣ ወይ ቀኑ ወይ ሰዓቱ ወይ ቦታው ትክክል አይደለም። ሰን ካልክ የተባለው መሣሪያ ስሌቱን ይሠራል፤ ግን የሚያሰላው ለሜዳማ መሬት ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ፀሐይ ከጦሳ ጀርባ የምትገባው መሣሪያው ከሚለው ቀደም ብላ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ነጻ የሳተላይት ምስል የሚሰጠው ሴንቲኔል-2 በየአምስት ቀኑ ገደማ ጠዋት ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ ያልፋል፤ አንዷ ነጥብ የ10 ሜትር ስፋት ያላት ስለሆነች የተቃጠለ መጋዘን ሊያሳይ ይችላል፤ ሰውም መኪናም አያሳይም። የናሳው ፈርምስ የእሳት ካርታ ደግሞ የሚቃጠለውን ማሳና የሚቃጠለውን ቤት አይለይም። ሁለቱም ከምስክር ቃል ጋር ሲጣመሩ እንጂ ለብቻቸው አይበቁም።

የተዘረፈና የወደመ ንብረት

ስለ ዝርፊያ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ «ሁሉንም ወሰዱት» የሚል ነው። በመንግሥት ተቋም ግን ወደ ግምጃ ቤት የገባ ዕቃ በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22 ይመዘገባል። ከጥቅምት 2014 በፊት የነበረው ቆጠራ ከእነዚህ ደረሰኞች ጋር ተመሳክሮ አሁን ካለው ሲቀነስ፣ የጠፋው በዓይነትና በመለያ ቁጥር ይታወቃል። ደረሰኞቹም ከጠፉ የዕቃው አቅራቢ ወይም የለገሰው ድርጅት ቅጂ ይኖረዋል።

የዘራፊው ማንነት ሌላ ጥያቄ ነው፤ የሰብሳቢው ሐቀኝነት ከሁሉ በላይ የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ኅዳር 29 ቀን 2014 የተባበሩት መንግሥታት ቃል አቀባይ በኮምቦልቻና በደሴ የምግብ እደላ መቋረጡን ሲያስታውቁ፣ መጋዘኖቹን የዘረፉት የትግራይ ኃይሎች አባላትና አንዳንድ የአካባቢው ነዋሪዎች መሆናቸው እንደተነገረ ገልጸዋል። የጎረቤቱን እጅ አይቶ የሚዘል መዝገብ፣ ስለ ታጣቂው የጻፈውንም የሚያስጠረጥር ነው። ሰው ስንዴ የተሸከመው በረኃብ ከሆነ፣ ረኃቡ ራሱ ማስረጃ ነውና አብሮ ይጻፍ።

ያልፈነዳ ነገር አይነካም፤ ከሩቅ ፎቶ ይነሣል፣ ቦታው ምልክት ይደረግበታል፣ ለሚመለከተው አካል ይነገራል። ቀለህ ካለ በወደቀበት እንዳለ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ፣ በታችኛው ገጽ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ ይነሣል። መቃብር መክፈት የፎረንሲክ ባለሙያ ሥራ ነው፤ በቅን ልብ የተደረገ የዐፅም ማዛወር ብዙ ማስረጃ ያጠፋል።

የሰዎች ደኅንነትና የሰነዱ አቀማመጥ

ምስክሩ ቃሉ ለማን ሊሰጥ እንደሚችል፣ ምን አደጋ ሊያስከትል እንደሚችልና በማንኛውም ጊዜ መተው እንደሚችል ተነግሮት ፈቃዱን መስጠት አለበት። ለኮሚሽን እንዲሰጥ የፈቀደ ሰው በመገናኛ ብዙኃን እንዲወጣ ፈቅዷል ማለት አይደለም። ስሞችና ቃሎች በአንድ ፋይል አይቀመጡም፤ ቃሉ በቁጥር፣ የቁጥሩ መፍቻ በሌላ ሰው እጅና በሌላ ቦታ ይሁን። በኬላ ላይ ስልክ ሊፈተሽ እንደሚችል ታውቆ፣ የተቀዳው ነገር ተመሥጥሮ ከተላከ በኋላ ከስልኩ ይጥፋ።

ጾታዊ ጥቃት የደረሰባትን ሴት ያልሠለጠነ ሰው ዝርዝሩን ሊጠይቃት አይገባም። ከሕክምናና ከሥነ ልቦና ድጋፍ ጋር ማገናኘት ይቀድማል፤ ከዚህ በፊት ለሌላ አካል ቃሏን ሰጥታ ከሆነ ያንኑ በፈቃዷ ማግኘት ይሻላል። በኖቤል ተሸላሚዋ ናድያ ሙራድ ስም የተሰየመው እ.ኤ.አ. የ2022 የሙራድ ደንብ ይህን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ተደጋግሞ የሚወሰድ ቃል ተጎጂዋን ይጎዳል፣ በቃሎቹ መካከል የሚፈጠረው ጥቃቅን ልዩነትም ለተከሳሽ ጠበቃ መሣሪያ ይሆናል። ሕፃናትን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ ሌላ የመረጃ ምንጭ እስካለ ድረስ አይጠየቁም።

ተፈልጎ ያልተገኘውም ይመዘገባል። አንድ ሰፈር የጅምላ መቃብር አለ ተብሎ፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ተጠይቀው ማንም ካላወቀው፣ ማን እንዳለው፣ ማን እንደተጠየቀና መቼ እንደታየ ይጻፋል። በኋላ ያው ወሬ እንደ አዲስ ሲመጣ የሚያገለግለው ይህ ገጽ ነው።

የተሰበሰበውን የሚረከቡ አካላት ይለዋወጣሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በታኅሣሥ 2014 ያቋቋመው የኢትዮጵያ ጉዳይ የባለሙያዎች ኮሚሽን ሥልጣኑ ሳይታደስ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 አብቅቷል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ደግሞ በሚያዝያ 2016 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቋል። ስለዚህ ለማንኛውም ተቋም የሚሰጠው ግልባጭ ይሁን፤ ዋናው እዚያው በሰብሳቢው ዘንድ ይቅር፣ ሁለተኛ ቅጂ ከከተማው ውጭ፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ተመሥጥሮ ይቀመጥ። ርክክቡ በደረሰኝ ይሁን፤ በደረሰኙም ላይ የፋይሉ ቁጥር፣ ሃሽ፣ የሰጪና የተቀባይ ፊርማ፣ ምስክሩ የፈቀደው የአጠቃቀም ወሰንና ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፍበት።